«መከራ» ነው «ችግር»? (የጃማይካ ባንዲራ ነገር)

ፊደል_ለቃሚ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለልጆች መጽሔት ስለ ጃማይካ ባንዲራ የተጻፈ ነገር እያረምኩ ነው። ጸሐፊው የ1962ቱን ይፋዊ ፍቺ እንዲህ ተርጉሞታል፦ «መከራ አለ፤ ምድሪቱ ግን ለምለም ናት፤ ፀሐይም ታበራለች።» ጥቁሩ መከራው፣ አረንጓዴው ምድሪቱ፣ ወርቃማው ፀሐይዋ መሆኑ ነው። «መከራ» ከበደኝ። «ችግር» ልበለው? ነገ ማታ ማስረከብ አለብኝ።

አራት_ኪሎ፦ ችግር በይው። መከራ የለቅሶ ቤት ቃል ነው።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ ኧረ ተው! በግእዝ «መከራ» ፈተና ነው። ምክርና መከራ ከአንድ ማኅፀን ወጡ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለቤት መምቻ ብቻ መሰለህ?

አራት_ኪሎ፦ ቤት የመታ ሁሉ ዘመድ ከሆነ «ከበሮ»ንም ጨምርበት።

መሪጌታ_ዘቀበና፦ ልጆች፣ ፈተና ከሆነ ቃሉ «መንሱት» ነው። «ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት» እያላችሁ አድጋችሁ እንዴት ጠፋችሁ?

አራት_ኪሎ፦ ለስምንት ዓመት ልጅ «መንሱት»? መሪጌታ፣ ልጁ ጃማይካ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስድብዎታል።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ ቁም ነገሩን ልንገርሽ ፊደል። ችግር ማጣት ነው፤ መከራ የሚወርድ ነው። ችግረኛውን ትረጂዋለሽ፤ ለመከረኛው ታዝኚለታለሽ። የባርነት ታሪክ ያለበትን አገር «ችግር አለ» ብለሽ ብታልፊው የኪራይ ጉዳይ ይመስላል።

አራት_ኪሎ፦ እኔ ደግሞ «ይሄ መከረኛ ስልክ» እላለሁ። ለስልኬ ማዘኔ ነው?

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ እሱ ስላቅ ነው፤ በስላቅ ቃል አይመዘንም።

ሻሸመኔ_ሰፈር፦ ቆይ፣ ፍቺውን እኮ ጃማይካውያን ራሳቸው ትተውታል። በ1996 ተቀየረ። አሁን ጥቁሩ የሕዝቡ ብርታትና የፈጠራ ችሎታ ነው። ወርቃማው የተፈጥሮ ሀብትና የፀሐይ ብርሃን ውበት፣ አረንጓዴው ተስፋና የእርሻ ሀብት። አብዛኛው ሕዝብ ጥቁር በሆነበት አገር ጥቁርን መከራ ማለት ምን ይሉታል? ደግሞ ሥዕሉ ላይ ቀይ እንዳታስገቢ! እኛ ሰፈር የሚታየው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የራስታዎቹ ነው፤ ከኛ የወሰዱት። የአገሪቱ ባንዲራ ቀይም ነጭም ሰማያዊም የለውም። አሁን በዓለም እንዲህ ያለ የአገር ባንዲራ እሱ ብቻ ነው።

መሪጌታ_ዘቀበና፦ 1996 በማን አቆጣጠር?

ሻሸመኔ_ሰፈር፦ በፈረንጅ፣ መሪጌታ፤ የ1962ቱም እንዲሁ። ነፃ የወጡበትን በኛ ከፈለጉ ሐምሌ 30 ቀን 1954 ነው። ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 13 ቀን 1958።

መሪጌታ_ዘቀበና፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ጥቁር «ጸሊም»፣ ጨለማ «ጽልመት»፤ ሥሩ አንድ ነው። የድሮው ፍቺ ከሥሩ አልራቀም።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ መኃልየ መኃልይ ላይ ያለችው ጥቁር ቆንጆ ትታዘብዎታለች!

ፊደል_ለቃሚ፦ ሻሸመኔ፣ ተባረክ፤ የ1996ቱን እጨምራለሁ። ግን የድሮውም ይጠቀሳል። ታዲያ መከራ ወይስ ችግር?

አራት_ኪሎ፦ ባንዲራው ላይ ያለው መስቀል ግን ለምን አጋደለ?

ሻሸመኔ_ሰፈር፦ የመጀመሪያው ንድፍ አግድም መስመሮች ነበሩት። ከታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ክፍል) ባንዲራ ጋር ተመሳሰለና ተተወ። ወርቃማውን መስቀል ከማዕዘን ማዕዘን ዘረጉት። ሐሳቡን ያመጣው የስኮትላንድ ቄስ ነው ይባላል።

መሪጌታ_ዘቀበና፦ የስኮትላንድ ከሆነማ የእንድርያስ መስቀል ነዋ! ሐዋርያው የተሰቀለበት። እንዲያውም «የእንድርያስ መስቀል» ተብሎ ይጻፍ።

አራት_ኪሎ፦ «ሰያፍ መስቀል» ይበቃል።

የቅኔ_ቤት_ልጅ፦ «ሰያፍ» ከ«ሰይፍ» ነው። ሰይፍ ወገብ ላይ ሲታጠቁት ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ስሙን ከዚያ አገኘ።

አራት_ኪሎ፦ አሁን ፈጠርካት አይደል?

መሪጌታ_ዘቀበና፦ ስለ ሰይፍ ከሆነ እኔም የምለው አለኝ። ደግሞ ሁላችሁም «ባንዲራ» ትላላችሁ፤ ከጣልያን የመጣ ቃል! «ሰንደቅ ዓላማ» በሉ። ሰንደቁ እንጨቱ ነው፣ ዓላማው ጨርቁ።

አራት_ኪሎ፦ እሺ መሪጌታ። ሯጩ አሸንፎ «ሰንደቁን ለበሰ» ሲባል እንጨቱን ነው የለበሰው?