ከማይኤስኪውኤል ወደ ኦራክል፦ የማውቀው ያሻግረኛል ወይስ ከዜሮ ልጀምር?

የሂርማታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጅማ ነው። አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ ዳታቤዙን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁሉም በማይኤስኪውኤል ነው። የአባላት መዝገብ፣ የቁጠባ ሂሳብ፣ የወር ሪፖርት፣ ባክአፕ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።

አሁን አንድ ባንክ ማስታወቂያ አውጥቷል። የሚፈልገው ኦራክል የሚባለውን ሌላ የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ነው። ጓደኞቼ «ሌላ ዓለም ነው፣ አትልፊ» ይሉኛል። ዳታ የሚያወጡትና ቴብሎችን የሚያገናኙት ትዕዛዞች፣ ሰሌክትና ጆይን፣ አያሳስቡኝም፤ እጄ ለምዷቸዋል። የሚያስጨንቀኝ አውቀዋለሁ ያልኩት ነገር ፈተና ላይ ሌላ ሆኖ እንዳያገኘኝ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የቀየራችሁ፣ ምኑ አብሯችሁ ተሻገረ? ምኑንስ እንደ አዲስ ተማራችሁ?

ነባሩ ከጅሬን፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ማመልከቻሽን አስገቢ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እኔ የጀመርኩት በሌላ ዳታቤዝ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ነው። ከዚያ ኦራክል ላይ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አሁን ደግሞ ፖስትግሬስ ላይ ነኝ። በየሄድኩበት አብሮኝ የሄደው ትልቁ ነገር ቴብል አከፋፈል ነው። አንድ አባል ሁለት ሂሳብ ስላለው ስሙን ሁለት ቦታ እንደማትጽፊው ታውቂያለሽ። የትኛው ኮለም ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። ገንዘቡ ከአንዱ ሂሳብ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሳይገባ መብራት ቢጠፋ ምን መሆን እንዳለበትም ታውቂያለሽ። ይሄ የማይኤስኪውኤል ብቻ እውቀት አይደለም። ኤድጋር ኮድ አይቢኤም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው የሠንጠረዥና የግንኙነት ሐሳብ ለሁሉም መሠረት ነው። ትዕዛዙን የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልም፣ ከ1986 ጀምሮ መስፈርት አለው። ስንት ረድፍ ይውጣ በሚለው በሊሚት ቦታ ላይ ሌላ አጻጻፍ ታገኛለሽ፣ የቀን ፈንክሽኖች ስማቸው ይለያል። እሱን በጥቂት ቀን ትለምጂዋለሽ።

ኦራክል ስህተት ሲያገኝ ቁጥሩን ጠቅሶ ይነግርሻል። ትፈልጊያለሽ፣ ታስተካክያለሽ። እኔ የምፈራልሽ ዝም የሚለውን ነው። ስልክ ቁጥር ያላቸውን አባላት ለማውጣት ማይኤስኪውኤል ላይ «ስልኩ ከባዶ ጽሑፍ የተለየ» ብለሽ ትጽፊ ይሆናል። በትክክል ይሠራል። ያንኑ ኩዌሪ (ትዕዛዝ) ኦራክል ላይ ብታስኬጂው አንድም ሰው አይወጣም። ስህተትም አይልሽም። ኦራክል ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል፣ ማለትም ምንም ዋጋ እንዳልተሞላበት፣ ነው የሚቆጥረው። ከነል ጋር የተነጻጸረ ነገር ደግሞ እውነትም ሐሰትም አይሆንም፣ ስለዚህ ረድፉ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ባዶ ሪፖርት ይዞ ሲመጣ ምክንያቱን ከወዲሁ ማወቅ አለብሽ። «ነል ያልሆነ» ብለሽ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች በጣም ያስፈልጋል። ማይኤስኪውኤል ላይ ቫርቻር 20 ካልሽ 20 ፊደል ነው። ኦራክል ላይ ቫርቻር2 20 ስትይ፣ ካልቀየርሽው በቀር፣ 20 ባይት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል ነው፣ 24 ባይት ይሆናል፣ አይገባም። ኦራ-12899 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልስልሻል። ከበደ ግን በሰላም ይገባል። ለዚህ ነው በአጭር ስም ሞክሮ «ይሠራል» ማለት የማይበቃው። ቴብሉን ስትፈጥሪ ከ20 ቀጥሎ «ቻር» ብለሽ ጨምሪበት።

ለውጡን የሚያጸድቀውን ትዕዛዝ፣ ኮሚትንም አትርሺ። ማይኤስኪውኤል እንዳለ ከተተወ እያንዳንዱን ለውጥ ራሱ ያጸድቃል። ኤስኪውኤል ፕላስ በሚባለው ትዕዛዝ መጻፊያ ኦራክል ላይ ስትሠሪ ግን ኮሚት እስክትዪ ለውጡን ሌላ ሰው አያየውም፣ ያንኑ ረድፍ መለወጥ የሚፈልግም ቆሞ ይጠብቅሻል። ባንክ ውስጥ ደግሞ የሚጠብቀው ደንበኛ ነው።

አጋሮ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ላይ ትንሽ እለያለሁ። ማስታወቂያውን ደግመሽ አንብቢው። ሪፖርትና ኩዌሪ የሚጽፍ ሰው ከሆነ የሚፈልጉት፣ እውቀትሽ ከሞላ ጎደል ይሻገራል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድር ሰው ከሆነ ግን ብዙ የሚጠብቅሽ አዲስ ነገር አለ። ማይኤስኪውኤልን ደምፕ አድርጎ (ዳታውን ወደ ፋይል አውጥቶ) ፋይሉን ፍላሽ ላይ መገልበጥ የለመደ ሰው፣ የኦራክሉ የባክአፕ መሣሪያ አርማን (RMAN) ሲገጥመው ባክአፕ ማለት ሌላ ሥራ ይሆንበታል። አርካይቭ ሎግ (የለውጦች መዝገብ)፣ አንዱ (undo፣ ለውጥን መመለሻ)፣ ቴብልስፔስ (የዳታ ማስቀመጫ ክፍል)፣ እነዚህን ቁጭ ብሎ መማር ያስፈልጋል። የአማርኛው ጉዳይም በየዳታቤዙ ይለያያል፤ እኔ ኤስኪውኤል ሰርቨር ስጀምር በአማርኛ የጻፍኩት ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነበር የሚገባው። ኮለሙ ኤንቫርቻር መሆን አለበት፣ ከጽሑፉ በፊትም «ኤን» ፊደል መቅደም አለበት።

የሂርማታዋ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማስታወቂያውን ድጋሚ አየሁት፤ «ሪፖርት ማዘጋጀትና ባክአፕ መከታተል» ይላል፣ ሁለቱም አለበት። ጋሼ፣ ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ነው ያለኝ። ኦራክልን ይችለዋል? የምለማመደውስ በምን ዳታ ነው?

ነባሩ ከጅሬን፦

ይችለዋል። ነፃው እትም ራሱ ከ2 ጊጋ ራምና ከ12 ጊጋ ዳታ በላይ አይጠቀምም፣ ለመለማመጃ ከበቂ በላይ ነው። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ኔትወርክ ሲሻል፣ ሌሊት አውርጂው።

የአባላቱን ዳታ ወደ ቤትሽ እንዳትወስጂ፣ አደራ። የቴብሎቹን ቅርጽ ብቻ ያዢና ረጃጅም የፈጠራ ስሞች ሙይበት። ወልደገብርኤልንም፣ ኃይለማርያምንም አስገቢ። አንዳንዱን ስልክ ባዶ ተዪው። ከዚያ በየወሩ የምታወጪውን ሪፖርት በሁለቱም ላይ አውጪና ድምሩን አመሳክሪ። ካልገጠመ ለምን እንዳልገጠመ እስክታገኚ አትነሺ። ከዚያ አንዱን ቴብል አጥፊና ከባክአፕ መልሰሽ አምጪው፤ አጋሮ ያለው እዚያ ላይ ይገባሻል።

ቃለ መጠይቅ ላይ ኦራክል ላይ ሠርቻለሁ አትበይ። ማይኤስኪውኤል ላይ እንደሠራሽና ይሄን ሪፖርት ወደ ኦራክል እንዴት እንዳዞርሽው ንገሪያቸው። የስልኩን ኩዌሪ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታሳዪያቸው፣ ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ ወዲያው ይረዳሻል። ከባክአፕ መመለሱ ላይ ከተቸገርሽ የሚያወጣውን ስህተት እዚህ ለጥፊው፣ ማታ ማታ አያለሁ።