የአሉሚና ቀለበት በአግድም ይሰነጠቃል፤ ከፕሬሱ ነው ከማጣበቂያው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው። ለመስኖ ፓምፕ ማሸጊያ (ሲል) የሚሆን የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) ቀለበት ሳይሰነጠቅ አልወጣ ብሎናል፤ የውጭ ዲያሜትሩ 30፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ዱቄቱ 99.5 በመቶ ንጹሕ፣ ማጣበቂያው 3 በመቶ ፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል)። በ120 ሜጋፓስካል ይጨመቃል፣ ያውም ከላይ ብቻ። ምድጃው በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 1550 ይሄድና 2 ሰዓት ይቆያል።

ሲወጣ ጎኑ ላይ፣ ከላይኛው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አግድም ስንጥቅ አለ። እፍጋቱ 3.65 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ምንም ቀዳዳ የሌለው አሉሚና 3.98 ስለሆነ 8 በመቶ ያህል ቀዳዳ ቀርቷል።

ግራ የገባን እዚህ ላይ ነው። ምድጃ ያልገባውን ቀለበት አልኮል ውስጥ በሟሟ ቀለም ስንቀባው አንዳንዱ ፀጉር የመሰለ መስመር ያሳያል፤ ይሄ የታፈነ አየር ወይም ግፊቱ ሲለቀቅ የሚመጣ መንጠር (የተጨመቀው ተመልሶ መለጠጡ) ይመስላል። ምንም መስመር ያልታየበትም ግን ተሰንጥቆ ይወጣል። ፒቪኤው ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ሲጋይ ጋዙ መውጫ አጥቶ ይሆን?

የምድጃውን ፍጥነት በደቂቃ 1 ዲግሪ እናድርገው ወይስ መጀመሪያ ማጣበቂያውን ወደ 1.5 በመቶ እናውርድ? መብራቱ እየተቆራረጠ ረጅም ፕሮግራም አያስጨርስም። የሞልዱን አፍ ትንሽ ሰፋ ማድረግስ መንጠሩን ይቀንሳል? የአፉን ግድግዳ ስንት ዲግሪ ማዘንበል እንደሚበቃ የሞከራችሁ ንገሩን።