ጥቆማ፦ ለሥራ የሚሆን ስታቲስቲክስ በምን ልማር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሽያጭ ክፍል ነው። አለቃዬ በየወሩ «ቅናሹ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» ይለኛል፤ እኔ ግራፍ ከማሳየት ውጪ መልስ የለኝም። በኤክሴል፣ በኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር፣ ወይስ ኮድ በሚጻፍባቸው በአር ወይም በፓይተን ልማር? ከፍዬ ወይስ በነፃ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

የኤክሴል ሰው፦ ኤክሴል ይበቃሻል። አድ-ኢንስ ውስጥ ገብተሽ አናሊሲስ ቱልፓክን አብሪው። ቲ ቴስትም (የሁለት ቡድኖችን አማካይ ማወዳደሪያ) ሪግሬሽንም (አንዱ ቁጥር ሲለዋወጥ ሌላው እንዴት እንደሚለዋወጥ ማሳያ) አለው። ሌላ ነገር አያስፈልግሽም።

ተመራቂው፦ እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን በኤስፒኤስኤስ ነው የሠራሁት፤ በጣም አሪፍ ነው። መጠይቁን ከሰበሰብሽ በኋላ ክሮንባክ አልፋውን (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚለካውን ቁጥር) ማየት እንዳትረሺ።

የተቃጠለው፦ ከፍላችሁ እንዳትማሩ! እኔ «ስታቲስቲክስ ለቢዝነስ» የሚል የኦንላይን ኮርስ ገዝቼ ነበር። አስተማሪው ስላይድ ላይ ያለውን ቀመር ያነባል፣ በቃ። ምሳሌው ሁሉ ሳንቲም መወርወር ነው፤ ስለ ሽያጭ አንድም ነገር የለም። ገንዘቤን መልሱ ብል «ሁለተኛውን ክፍል ስለከፈትክ አይመለስም» አሉኝ።

ሌላ ሰው፦ የትኛው ነው? እኔ ልመዘገብ ነበር እኮ!

የተቃጠለው፦ ስሙን እዚህ አልጠራም። ግን ከመክፈልሽ በፊት የመመለሻ ደንቡን አንብቢ።

ሦስተኛ ሰው፦ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል። ሰርተፍኬቱ እንኳ ለብቻው ይከፈልበታል።

ቁጣው፦ የትምህርት ጥቆማ የተጠየቀ መስሎኝ ነበር። የአቤቱታ መዝገብ ከሆነ እኔም ወረፋ ልያዝ።

ተንታኙ፦ እህቴ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተይውና ከጥያቄሽ ጀምሪ። ቅናሹ መቼ ተጀመረ? ብዙ ጊዜ ቅናሽ የሚወጣው ሽያጭ ክፉኛ በወረደበት ወር ነው። ያለወትሮው የወረደ ቁጥር ደግሞ ማንም ምንም ሳያደርግለት ወደ ወትሮው የመመለስ ዝንባሌ አለው። ምስጋናውን ግን ቅናሹ ይወስደዋል። ስለዚህ ቅናሽ ያልደረሳቸው ቅርንጫፎች ካሉ የዚያኑ ወር ሽያጫቸውን እይ። እነሱም እኩል ካደጉ፣ ዕድገቱን ለቅናሹ መስጠት ያስቸግራል።

አማካይን ብቻም አትመኚ። ዘጠኝ ደንበኞች የ100 ብር፣ አሥረኛው የ5,000 ብር ዕቃ ቢገዙ አማካዩ 590 ይሆናል። የ590 ብር ዕቃ የገዛ ሰው ግን የለም። ሚዲያኑ (ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) 100 ነው፤ የተለመደውን ደንበኛ የሚያሳይሽ እሱ ነው።

ለመማር ካን አካዳሚ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ነፃ ነው። ከናሙና ጀምረሽ እስከ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (ከናሙና ተነስቶ ለእውነተኛው ቁጥር የሚገመተው ክልል) ሂጂ። ኮድ ካስፈራሽ ጃሞቪ የሚባል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አለልሽ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ከጀርባ የሚሠራው በአር ነው። ደግሞ ይሄ ትምህርት ለሥራ ሰው ባዕድ አይደለም። ቲ ቴስት ራሱ የተወለደው ቢራ ጠማቂ ቤት ነው። ዊልያም ጎሴት ጊነስ ውስጥ ሲሠራ በጥቂት ናሙና መወሰን ስለነበረበት ዘዴውን ፈልጎ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው።

የኤክሴል ሰው፦ ይሄን ሁሉ ኤክሴል ይሠራዋል።

ቁጣው፦ እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት የቀሩት በድሮው የኤክሴል ፋይል ምክንያት ነው። ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም።

የኤክሴል ሰው፦ ጥፋቱ የድሮውን ፋይል የተጠቀሙት ሰዎች ነው። እኔ ኤክሴልን አልለቅም።

ጠያቂዋ፦ ተንታኙ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እውነትም ቅናሹን የጀመርነው ሽያጭ በወደቀበት ወር ነው። ቅናሽ ያልደረሳቸው ሁለት ቅርንጫፎች አሉ፤ ዳታቸውን ዛሬ ጠይቄያለሁ።

ሦስተኛ ሰው፦ የተቃጠለው፣ በካርድ ነው የከፈልከው? ባንክህን ጠይቅ፤ ለእኔ የመለሰልኝ ባንኩ ነው።

የተቃጠለው፦ በስንት ጊዜ ውስጥ ነው ማመልከት ያለብኝ?