አይኤስኤፍ ላይ «አድሚን ፊ» የሚባለው የመንግስት ነው ወይስ የብሮከሩ?

የጀበና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ከአዲስ አበባ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦትና ሙዳይ እያስመጣሁ ነው፣ ሙሉ ኮንቴይነር አይደለም ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ነው የሚጫነው። ብሮከሩ (የጉምሩክ ወረቀቱን የሚጨርስልኝ) የላከልኝ ኢንቮይስ ላይ አይኤስኤፍ (ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን ለአሜሪካ ጉምሩክ የሚገባው መረጃ) ፋይሊንግ 75 ዶላር፣ አይኤስኤፍ ቦንድ (ዋስትና) 90፣ ከስር ደግሞ አይኤስኤፍ አድሚን ፊ 65 ይላል። ምንድነው ስለው ካስተምስ (ጉምሩክ) የሚያስከፍለው ነው አለኝ። እውነት ነው? ትርፏ እኮ ትንሽ ናት።

ወደብ ሰው፦
እህቴ ካስተምስ ለአይኤስኤፍ አንድ ሳንቲም አይቀበልም! ለመንግስት የሚከፈለው ሌላ ነው፣ ቀረጥ ካለበት ቀረጡ፣ ፎርማል ኢንትሪ (ሙሉው የጉምሩክ ማስገቢያ ሂደት) ከሆነ ኤምፒኤፍ የሚሉት የጉምሩክ ማስተናገጃ ክፍያ ከዕቃው ዋጋ 0.3464 ፐርሰንት (ከዚህ አያንስም ከዚህ አይበልጥም የሚል ገደብ አለው)፣ በመርከብ ስለሆነ ደግሞ የወደብ ጥገና 0.125 ፐርሰንት። 75ቱ የብሮከሩ የስራ ዋጋ ነው፣ ቦንዱም ዋስትና ሰጪ ኩባንያ አለበትና ያስከፍላል፣ እሺ። አድሚን ፊው ግን ያንኑ ፋይሊንግ ሁለተኛ መሸጥ ነው። ለየትኛው ስራ እንደሆነ በኢሜይል ይጻፍልሽ በይው፣ በስልክ አትቀበይ።

አስመጪ ቨርጂኒያ፦
ትክክል። እኔ የምጨምረው በዓመት ደጋግመሽ የምታስመጪ ከሆነ የዓመት ቦንድ ግዢ፣ ትንሹ የዋስትና መጠን የ50,000 ዶላር ነው፣ የምትከፍዪው ግን ያንን ሳይሆን ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ አይኤስኤፉንም ኢንትሪውንም አንድ ላይ ይሸፍናል፣ በየጭነቱ 90 መክፈሉ ይቀራል።

ወደብ ሰው፦
አዎ። ግን ተናዳችሁ ፋይሉን እንዳታዘገዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ህግ ነው፣ ጥፋት ከተገኘ እስከ 5,000 ዶላር ያስጠይቃል፣ የሚጠየቀው ደግሞ አስመጪው ነው እንጂ ብሮከሩ አይደለም። ዕቃው ወደ አሜሪካ በሚመጣው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፣ ከጅቡቲ የሚወጣው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ መርከብ ስለሚቀይር የትኛው መርከብ እንደሆነ ፎርዋርደሩን (ጭነቱን የሚያመቻችልሽን) ጠይቂ።

የጀበና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የአምራች ስምና አድራሻ ላኪ ብሎኛል፣ ጀበናውን የሚሰሩት ሴቶች እቤታቸው ነው የሚሰሩት፣ የማንን ልስጥ?

ወደብ ሰው፦
ያለቀለትን ዕቃ ሰብስቦ የሸጠልሽን ሰው ስምና አድራሻ መስጠት ይቻላል፣ ህጉ ይፈቅዳል። ኮንቴይነሩ የታሸገበትን ቦታና ዕቃውን ያቀናጀውን ድርጅት ደግሞ ዘግየት ብለሽ መርከቡ አሜሪካ ከመድረሱ 24 ሰዓት በፊት ብታስገቢም ይሆናል፣ ሌላው ግን ከመጫኑ በፊት ነው። የቢል ኦፍ ሌዲንግ (የጭነት ሰነዱን) ቁጥር አደራ፣ የአንቺ ዕቃ የተጻፈበትን ሀውስ ቢል ነው የምትሰጪው፣ የጠቅላላውን ከሰጠሽ አይገጥምም።

የጀበና ልጅ፦
አሁን ጻፍኩለት፣ አድሚን ፊውን አነሳዋለሁ ብሏል። የዓመት ቦንዱን ዋጋም ጠይቄዋለሁ።