ካልሲየም ኖርማል ሆኖ ቫይታሚን ዲ እንዴት 11 ይሆናል?

ሚሚ_ቢጫዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ድካምና የእግር አጥንት ህመም ሲበዛብኝ ደም ተመርምሬ ቫይታሚን ዲ 11 ናኖግራም ወጣ፣ ከ20 በታች እጥረት ነው ተባልኩ። ካልሲየሜ ግን 9.2 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ኖርማሉ ከ8.5 እስከ 10.5 ይላል። እኔ የማውቀው ቫይታሚን ዲ ከሌለ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይገባም የሚለውን ነው፣ ታዲያ ካልገባ ከየት መጥቶ ሞላ? ካልሲየሜ ደህና ከሆነ ዝም ብዬ ልተወው?

ጥቁር_ነጥብ፦
ኧረ እንዳትተዪው! ከየት መጣ ላልሽው ከአጥንትሽ ነው የመጣው። 99 ፐርሰንቱ ካልሲየም ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፣ ደም ውስጥ ያለችው ኢምንት ናት፣ ግን ልብም ጡንቻም ነርቭም በሷ ስለሚሰሩ ሰውነት እሷ ላይ ቀልድ አያውቅም። አንገት ላይ ከታይሮይድ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፣ ስራቸው የደሙን ካልሲየም መከታተል ነው፣ ትንሽ ዝቅ ካለ ወዲያው ፒቲኤች የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። እሱ ከአጥንት ካልሲየም ያስለቅቃል፣ ኩላሊት ደሞ ካልሲየሙን በሽንት እንዳያስወጣ ያደርጋል፣ ፎስፌት የሚባለውን ማዕድን ግን እንዲያስወጣ፣ በዛ ላይ ያለችውን ቫይታሚን ዲ ወደሚሰራው ቅርጽ እንዲቀይር ያዘዋል። ስለዚህ 9.2 ማለት ዕጢዎቹ ስራቸውን እየሰሩ ነው ማለት እንጂ በቂ ካልሲየም እየገባ ነው ማለት አይደለም፣ ወጪው አጥንት ላይ ነው። ፒቲኤች ታዞልሻል?

ሚሚ_ቢጫዋ፦
አልታዘዘልኝም። ቆይ እስከዛው የካልሲየም ኪኒን ብጀምርስ?

ላብ_ሰው፦
ኪኒን ብቻውን ብዙም አይጠቅምሽ፣ ዲ ሲጎድል አንጀት ከሚበላው ካልሲየም የሚወስደው ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ሲበቃ ግን ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። መጀመሪያ ዲው ይስተካከል። ፒቲኤች ስታሰሪ አብረሽ ፎስፌት፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ ነው) እና አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ነው) ጠይቂ፣ ከደሙ ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሆነ የሚዞረው አልቡሚን ከወረደ ቁጥሩ ያሳስታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዳንዱ ሰው "አክቲቩን ልለካ" ብሎ 1,25 የሚባለውን፣ ማለትም የሚሰራውን የዲ ቅርጽ፣ ያሰራል። ቆዳ በፀሐይ የሰራው ወይ በአፍ የገባው ዲ መጀመሪያ ጉበት ሄዶ 25 ሃይድሮክሲ ይሆናል፣ ያንቺ 11 እሱ ነው፣ ደም ውስጥ ሳምንታት ስለሚቆይ ክምችቱን ያሳያል። 1,25 ኩላሊት ውስጥ የሚሰራው ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፣ እጥረት እያለብሽም ፒቲኤች ኩላሊቱን ስለሚገፋው ኖርማል፣ አንዳንዴ እንደውም ከፍ ብሎ ይወጣል። ብር ማባከን ነው በኔ እምነት፣ ኩላሊት ወይ ሌላ የተለየ ችግር ከሌለ።

ዘመን_ተሻጋሪ፦
ምን ያስጨንቃል፣ ባለ 50 ሺ ዩኒቱን የዲ ኪኒን በየቀኑ ዋጪው በቃ

ጥቁር_ነጥብ፦
ኧረ ተው ወንድሜ!! 50 ሺ ዩኒት ሐኪም ሲያዘው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ለተወሰነ ጊዜ። ያለ ሐኪም ለአዋቂ ሰው ጣሪያው በቀን 4 ሺ ነው። ዲ ስብ ውስጥ ስለሚከማች እንደ ቫይታሚን ሲ ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ሲበዛ የደም ካልሲየም ከልክ በላይ ይጨምርና ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ብሎም የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ሚሚ፣ የታዘዘልሽን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰጂው፣ በባዶ ሆድ ብዙም አይገባም። ኩላሊት ጠጠር ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ ደሞ ሳትጀምሪ ንገሪያቸው። ፒቲኤቹ ሲመጣ እዚሁ ለጥፊልን፣ ከፍ ብሎ ቢወጣ አይግረምሽ፣ ዲው ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፣ ካልወረደ ግን ዕጢዎቹን ራሳቸውን ማየት ያስፈልጋል።