አባላት የሚመርጡት ፎቶ በእድራችን መተግበሪያ ውስጥ ስለሚቀመጥበትና ስለሚታይበት መንገድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የእድሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የስልክ መተግበሪያ ዕቅድ ከአንድ ክፍል በቀር ተጠናቋል። የቀረው አባሉ ከስልኩ መርጦ የሚያስገባው ፎቶ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ክፍል ነው። በድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ በተበተነው እድራችን ውስጥ በስም የሚመሳሰሉ አባላት ብዙ ስለሆኑ፣ የሐዘን መልእክት በደረሰ ቁጥር ሐዘንተኛው የትኛው አባል እንደሆነ ለመለየት ስንደዋወል ጊዜ ያልፋል። ድንኳኑ ሐዘን ወደሌለበት ቤት ተጭኖ ሄዶ የቤቱ እመቤት የደነገጡትን ድንጋጤ አልረሳነውም። ፎቶው የሚያስፈልገን እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነውና ሐሳባችሁን በዝርዝር ጻፉልን።

ከከዚራ፣ መተግበሪያውን የሚሠራው አባል፦

የሙከራውን ቅጂ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በሙከራው የታየውን ጉድለት አስቀድሜ ላስረዳ። አባሉ ፎቶውን እንደመረጠ ወዲያው ይታይ ነበር፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ግን በፎቶው ቦታ ባዶ ክብ ብቻ ይቀር ነበር። ምክንያቱ አንድሮይድ ፎቶ ሲመረጥ ለመተግበሪያው የሚሰጠው የፎቶውን አድራሻና ለጊዜው ብቻ የሚያገለግል የማንበብ ፈቃድ መሆኑ ነው። እኔ አድራሻውን ብቻ መዝግቤ ስለነበር፣ ፈቃዱ ሲያበቃ አድራሻው በመዝገቡ ውስጥ እያለ ፎቶውን መክፈት አልተቻለም። ፈቃዱን ማራዘም የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም፣ አባሉ ቦታ ለማስለቀቅ ፎቶውን ከጋለሪው ቢሰርዘው እኛም አብረን እናጣዋለን።

ስለዚህ ፎቶው በተመረጠበት ቅጽበት ተቀድቶ በመተግበሪያው የራሱ የውስጥ ማኅደር ውስጥ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ የስልኩ ቦታ ሲጣበብ ሥርዓቱ ያንን ማኅደር ሳይጠይቅ ያጸዳዋል። በመረጃ ቋቱ የሚመዘገበውም የፋይሉ ስም ብቻ ይሁን፤ በአይፎን ላይ መተግበሪያው ሲታደስ የማኅደሩ ሙሉ አድራሻ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሙሉውን አድራሻ ከመዘገብን ያው ባዶ ክብ ይመለስብናል።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ፦

ማብራሪያህ ግልጽ ነው ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥልን። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምንይዘው አሮጌና ቦታ ያነሰው ስልክ ነው። የሁሉንም አባላት ፎቶ መሸከም ይችላል ወይ? በሙከራው ጊዜም የእኔ ፎቶ በጎኑ ተጋድሞ ነበር የታየው።

ከከዚራ፣ መተግበሪያውን የሚሠራው አባል፦

እትዬ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ዋና ጉዳዮች ናቸው። በስልክ ካሜራ የተነሣ 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ለማሳየት ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚወስድ አንዱ ፎቶ ብቻ 48 ሜጋባይት የሚያህል የሥራ ትውስታ ይይዛል። የአባላት ዝርዝር ላይ አሥር እንዲህ ያሉ ፎቶዎች አንድ ላይ ቢከፈቱ አነስተኛ ስልክ መተግበሪያውን መዝጋቱ አይቀርም። ፎቶው ሲቀዳ ወደ 512 በ512 ፒክስል ቢቀነስ ግን የሚይዘው ትውስታ 1 ሜጋባይት ይሆናል፤ ጄፔግ በተባለው የፎቶ ማመቂያ ዘዴ ታምቆ ሲቀመጥማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ለመቀነስም ትልቁን ፎቶ ሙሉውን መክፈት አይገባም፤ ገና ሲነበብ አሳንሶ ማንበብ ይቻላል።

መጋደሙን በተመለከተ፣ ብዙ ስልኮች ፎቶውን ካሜራው እንደያዘው አስቀምጠው ወደ የት መዞር እንዳለበት ከፋይሉ ጋር በተያያዘ ኤክዚፍ በተባለ መረጃ ውስጥ ይጽፋሉ። እኔ ያንን ሳላነብ ነበር የቀነስሁት። በዚያው መረጃ ውስጥ ፎቶው የተነሣበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል፣ ፎቶው ከቀና በኋላ መረጃው ተለይቶ እንዲወገድ እፈልጋለሁ፤ የአባላትን ቤት አቅጣጫ ለማንም ማደል አይገባንም።

ከመጋላ፣ የቀድሞ የእድሩ ሰብሳቢ፦

ልጆቼ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰውም ቤትም ሲወስድ፣ የተረፍነው ከሟቾቻችን ጋር ፎቷቸውንም አጥተናል። አንዳንድ ቤት ዛሬም የእናቱን መልክ ለልጆቹ የሚያሳይበት የለውም። ስለዚህ ስልክ ቢጠፋ ፎቶው ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለው በጽሑፍ ይመለስልኝ። ሌላው ነገር፣ ከእህቶቻችን መካከል ፎቷቸው በሰው ስልክ ላይ እንዲታይ የማይፈልጉ አሉ፤ ሊገደዱም፣ ለምን ተብለው ሊጠየቁም አይገባም።

ከከዚራ፣ መተግበሪያውን የሚሠራው አባል፦

አባባ፣ መተግበሪያው ከስልኩ ሲወገድ በውስጥ ማኅደሩ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ስልክ ሲሰረቅም እንዲሁ። በመሆኑም የተቀነሰው ፎቶ አንድ ቅጂ በእድሩ ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉንም መረጃ በአንድ ቦታ በሚይዘው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ አባሉ በአዲስ ስልክ ሲገባ ከዚያ ይወርድለታል። ፎቶ ላላስገባ አባል የስሙ የመጀመሪያ ፊደል በክቡ ውስጥ ይታያል። አባሉ ፎቶውን ሲቀይር አዲሱ ፋይል አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ በአሮጌው ስም ላይ ከጻፍን መተግበሪያው ቀድሞ የያዘውን ምስል ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። አሮጌው የሚሰረዘውም አዲሱ ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ፦

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ፈቃድ የሚለውን ከዚሁ ጋር አገናዝቤ የሚከተለውን አንቀጽ አርቅቄአለሁ፦

«አባሉ በፈቃዱ የመረጠው ፎቶ ወዲያውኑ ተቀድቶ፣ ተቀንሶና የቦታ መረጃው ወጥቶለት በመተግበሪያው የውስጥ ማኅደርና በእድሩ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ፎቶውን ማየት የሚችሉት የእድሩ አባላት ብቻ ናቸው። አባሉ ፈቃዱን ባነሣ ጊዜ ፎቶው ከሁለቱም ቦታ ይሰረዛል፤ ፎቶ ባለማስገባቱም ከእድሩ የሚያገኘው አገልግሎት አይጓደልም።»

ያልተቋጨው የሟች አባል ፎቶ ጉዳይ ነው። እኔ ቤተሰቡ ተጠይቆ ፎቶው እንዲሰጠውና ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ እንዲወጣ አስቤአለሁ፤ የቀድሞው ሰብሳቢያችን በዚህ ላይ የሚሉትን ሳልሰማ ግን በአንቀጹ ውስጥ አላስገባውም።

ከመጋላ፣ የቀድሞ የእድሩ ሰብሳቢ፦

ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ሳለ አትጠይቁት። ሰው ከድንኳን ተነሥቶ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከመካከላችሁ አንዱ በስልክ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ ይጠይቅ። ይህንንም በአንቀጹ ውስጥ ጻፉት።