ሣሩን ሐምራዊ ሳደርገው የአጎቴ ቁምጣም አብሮ ተቀየረ፤ ምን ይሻላል?

የስናን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ናችሁ? የምማረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ስናን፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ናቸው። ለመስቀል ሄጄ ብዙ ፎቶ አነሣሁ። በስልክ ነው፤ ካሜራ የለኝም። አሁን በቀለም መጫወት ይዣለሁ። የምፈልገው "ትንሽ ደመቅ አድርገው" የሚባለውን አይደለም። ሣሩ ሐምራዊ፣ ተራራው ሮዝ፣ ሰማዩ ቢጫ ይሁንልኝ። ያበደ ነገር ነው የምፈልገው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ፎቶ አጎቴ አረንጓዴ ሸሚዝና አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ቆመዋል። የአገራችንን ገበሬ አለባበስ ታውቁታላችሁ። በጓደኛዬ ላፕቶፕ አረንጓዴውን ወደ ሐምራዊ ስቀይረው ሣሩ ብቻ ሳይሆን አጎቴም ሐምራዊ ሆነው ቁጭ! ሳሳያቸው "ሣሩን እንዳሻህ አርገው፣ የኔን ቁምጣ ግን መልስ" አሉኝ።

ሌላው፣ ሳቹሬሽን (የቀለሙን ድምቀት) ከፍ ሳደርግ የአክስቴ ፊት በርበሬ ይመስላል። ነጠላቸው ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አንዱን ፎቶ አሳትሜው ነበር፤ ስልኬ ላይ የሚንቦገቦገው ሐምራዊ ወረቀቱ ላይ ፍዝዝ ብሎ ወጣ። ለገና ይዤላቸው መሄድ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ ወደ አገሩ ስለሄደ አሁን ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ላይትሩምና ስናፕሲድ የሚባሉትን የፎቶ ማስተካከያዎች ጭኜበታለሁ፤ ሁለቱም ነጻዎቹ ናቸው። ተማሪ ነኝና የሚከፈልበት ነገር አትንገሩኝ።

የጣና ዳር

ወንድም ዓለም፣ አጎትህ እውነታቸውን ነው። ከቁምጣው እንጀምር።

ፕሮግራሙ ሣርና ጨርቅ አይለይም። የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። አረንጓዴን ቀይር ስትለው አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ይቀይራል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ልትነግረው ይገባል። ይኼ ነው ማስክ የሚባለው። ላይትሩም ማስኩን የሚሰጠው ለከፋይ ነው። ስናፕሲድ ላይ ግን በነጻ መላ አለው።

መጀመሪያ ፎቶውን እንዳለ አሳብደው። አጎትህም ይቀየሩ፣ ግድ የለም። አስቀምጠውና ያንኑ ያበደውን በስናፕሲድ ክፈተው። ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ደብል ኤክስፖዠር የሚለውን ንካና ያልተነካውን የመጀመሪያ ፎቶ ከላዩ ጫንበት። ኦፓሲቲውን (የላዩ ፎቶ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚወስነውን) እስከ ጥግ ግፋው። ያበደው ፎቶ ይጠፋል፤ አትደንግጥ። አጽድቀህ ውጣ። ከዚያ ቪው ኤዲትስ (የሠራሃቸው ለውጦች ዝርዝር) ግባ፣ ደብል ኤክስፖዠር የሚለውን ንካ፣ ብሩሹን ምረጥ። አሁን ያበደው ተመልሶ ይመጣል። ብሩሹን 100 ላይ አድርገህ አጎትህን በጣትህ ቀባቸው። ሸሚዙም፣ ቁምጣውም፣ ፊታቸውም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ከመስመር ስትወጣ ብሩሹን 0 አድርገህ መልሰው።

ፎቶውን በሁለት ጣት ባጎላኸው ቁጥር ብሩሹ እየቀጠነ ይሄዳል። ጠርዝ ላይ ስትደርስ በደንብ አጉላው። ሰው ሁሉ የሚረሳው በክንድና በወገብ መሃል ያለችውን ክፍተት ነው። ዱላ የያዘ ሰው ደግሞ ሁሌም እዚያ ጋ ክፍተት አለው። እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ሣር ከቀረ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ሁለቱ ፎቶዎች መጠናቸው እኩል መሆን አለበት። በመሃል ጠርዙን ከቆረጥህ (ክሮፕ ካደረግህ) አይገጥሙልህም።

የስናን ልጅ

እግዜር ይስጥሽ እህት ዓለም! ብሩሹን ሞከርኩት፣ ይሠራል። ግን አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ላይትሩም ላይ አረንጓዴውን ወደ ሐምራዊ ልወስደው ብል እምቢ አለኝ። ወደ አንዱ ጫፍ ስገፋው ቢጫ ይሆናል፣ ወደ ሌላው ስገፋው ወደ ውኃ ሰማያዊ ይሄዳል። አንዳንዱ ሣር ጭራሽ ንቅንቅ አይልም።

ባለ ማስኩ

የማይነቃነቀው ሣር ለላይትሩም አረንጓዴ ስላልሆነ ነው። ዓይናችን አረንጓዴ ይበለው እንጂ ፎቶ ላይ ሣርና ቅጠል አብዛኛው ቀለሙ ቢጫ ነው። በተለይ ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐይ ሲመታው። ላይትሩም ቀለሙን በ8 ከፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ማጀንታ። እያንዳንዱን ወደ ጎረቤቱ ብቻ ያስጠጋዋል። ከአረንጓዴ እስከ ሐምራዊ ሩቅ ነው፣ አያደርስህም።

ፎቶፒያ የሚባል አለ። መጫን አያስፈልገውም፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ ነጻ ነው፤ ማስታወቂያ ግን አለው። ፎቶህን ወደ ሌላ ቦታ አይልከውም። ሥራው የሚሠራው እዚያው ስልክህ ላይ ስለሆነ ገጹ አንዴ ከተከፈተ ካርድህን አይበላም። ስልክ ላይ ይጠባል፣ አጋድመህ ያዘው። ሂዩና ሳቹሬሽን የሚለውን ፈልግ፤ ሂዩ ማለት የቀለሙ ዓይነት ነው። እዚያ ውስጥ ሁሉንም ቀለም ከሚለው ወጥተህ መጀመሪያ ቢጫን፣ ቀጥሎ አረንጓዴን ምረጥ። የሁለቱንም ሂዩ ወደ 180 አካባቢ ግፋው። አረንጓዴ በቀለም ክቡ ላይ 120 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቢጫ ያዘለ ሣር ከዚያ ዝቅ ይላል። 180 ስትጨምርበት ሐምራዊው ጋ ትደርሳለህ። ከዚያ በዓይንህ እያየህ አስተካክለው።

ቢጫውን ስትነካ ግን ፊትም ይነካል። የሰው ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ በቀይና በቢጫ መሃል ብርቱካናማው ላይ ነው ያለው። አደይ አበባም አብራ ትቀየራለች። የጣና ዳር ባሳየችህ መንገድ አክስትህን መልሳቸው። አደይን መመለስ አለመመለስ ያንተ ፈንታ ነው። እኔ ብሆን እመልሳታለሁ፤ ሐምራዊ ሜዳ ላይ ቢጫ አደይ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ጥቁር ነጭ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጮቄን የሚያህል አገር ይዞ ሮዝ መቀባት ምን ማለት ነው? አረንጓዴው ምን ጎደለው? ሰው ያላየውን አገር በፎቶ ነው የሚያውቀው። ጢስ ዓባይን ተመልከቱ። ክረምት ላይ ውኃው አፈር ይዞ ነው የሚወርደው፣ ቡናማ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይመነምናል። የሚለጠፈው ፎቶ ግን ሰማያዊና ሞልቶ የሚፈስ ነው። እንግዳው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርስና "የታለ?" ይላል።

የጣና ዳር

ጢስ ዓባይ ላይ እስማማለሁ። ግን ያነሣኸው የዚህን ልጅ ሥራ አይደለም። ሐምራዊ ሣር አይቶ "ስናን ሄጄ ሐምራዊ ሣር ልይ" የሚል ሰው የለም። የሚያታልለው ያ ትንሽ ሰማያዊ የተደረገው ውኃ ነው፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ቅጥ ያጣው ማጋነን እኮ ራሱን አይደብቅም። ጨዋታ መሆኑ ከሩቅ ይታያል።

ደግሞ ቀለም ማጋነን በስልክ አልተጀመረም። እስቲ ዘጌ ተሻገርና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይና ቢጫ እይ። እንዲያ ያለ ቀይ ዘጌ ጫካ ውስጥ የት አለ? ሠዓሊው ያየውን ሳይሆን እንዲታይ የፈለገውን ቀለም ነው የቀባው።

ጥቁር ነጭ

የሥዕሉ ሌላ ነው ብዬ ልከራከር ነበር፣ ተውኩት። ግን ሲለጥፈው ቀለሙ የተቀየረ መሆኑን ከሥሩ ይጻፍበት።

የስናን ልጅ

እሱስ እጽፋለሁ። የአክስቴ ፊትና ነጠላስ? ቀለሙን ሳልቀይር ዝም ብዬ ደመቅ ሳደርገውም እኮ ይቀላሉ።

እንጅባራ

ሳቹሬሽንን ተወው። ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚጎትተው፣ ድሮውንም የደመቀው ፈንድቶ ይወጣል። በእሱ ፈንታ ቫይብራንስን ግፋ። እሱ የፈዘዘውን ይጎትታል፣ የቆዳን ቀለም ደግሞ ይጠነቀቅለታል። አሁንም ከቀሉብህ ላይትሩም ሚክስ ውስጥ ብርቱካናማውን ሳቹሬሽን ትንሽ ቀንስ፣ ሉሚናንሱን (የቀለሙን ብርሃን) ትንሽ ጨምር። ፊታቸው ይበራል። ብዙ ከቀነስክ ግን አመድ ይመስላሉ።

ለነጠላው ሌላ ጣጣ አያስፈልግም። ዋይት ባላንስ ላይ ያለችውን ጠብታ መምረጫ ነጠላው ላይ አሳርፋት። ይኼ ነጭ ነው ብለህ ትነግረዋለህ፣ ሌላውን እሱ ያስተካክላል። ፀሐይ በቀጥታ የመታው በጣም የነጣው ላይ አታሳርፋት፣ እዚያ ቀለም የሚባል ነገር አልቀረም። ጥላ ያለበት እጥፋት ላይ አድርጋት። ይኼንን ከምንም በፊት ሥራው። ነጠላው ነጭ ሆኖ ከቀረ ሌላው የፈለገውን ያህል ቢያብድ ዓይን ማረፊያ ያገኛል።

ጥር ላይ አገሩ ሲደርቅ ሐምራዊ የምታደርገው ሣር አታገኝም። ያኔ ወደ እኛ ና። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ይከበራል። ፈረሶቹ የሚያጌጡበትን ቀለም ታውቀዋለህ። እዚያ ጨዋታውን ገልብጠው፦ ሁሉን ጥቁርና ነጭ አድርግና የአንዱን ፈረስ ጌጥ ብቻ በቀለሙ ተወው። ስናፕሲድ ላይ ብላክ ኤንድ ዋይት አድርገህ በዚያው በቪው ኤዲትስ ብሩሽ ጌጡን ታተርፈዋለህ። ይኼ እንኳ ሠርግ ላይ ስላበዙት ሰለቸኝ። ፈረስ ላይ ግን ያምራል።

የፎቶ ቤት ሰው

ልጄ፣ የኅትመቱን እኔ ልመልስልህ። ከፊልም ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ያተሙልህ ሰዎች ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ስልክህ ራሱ ብርሃን ያመነጫል። ወረቀት አያመነጭም፣ የወደቀበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያሉ አንዳንድ ቀለሞች በቀለም ማተሚያ አይወጡም። በጣም የሚያበራ ሐምራዊ፣ የሚንቦገቦግ አረንጓዴ፣ ኃይለኛ ሰማያዊ እነዚያ ናቸው። ማሽኑ ሲያቅተው በአቅራቢያው ባለው ቀለም ይተካዋል፣ ፈዞ የሚወጣልህ ለዚያ ነው። ሐምራዊህን ትንሽ ጨለም፣ ትንሽ ወደ ቀይ ጠጋ ብታደርገው ወረቀት ላይ ይሻልሃል። ስክሪን ላይ ያን ያህል አያስደንቅም፣ ወረቀቱ ላይ ግን ይይዛል። ወረቀቱም የሚያብለጨልጨው ይሁን፤ የማያብለጨልጨው (ማቱ) ቀለሙን ያለዝበዋል።

ስልክህ ራሱ ያጋንናል። ዲስፕሌይ ውስጥ ገብተህ ስክሪን ሞድ የሚባል ካለ ቪቪድ ከሆነ ናቹራል አድርገው። ብርሃኑንም ወደ ግማሽ ቀንስ። አሁን የምታየው ለወረቀቱ የቀረበ ነው። ፎቶውን ስታስቀምጥ የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ የሚባለው ይሁን። ትልቁን ከማሳተምህ በፊት አንድ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትመህ እየው፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

ለዚያ ጥቁር ነጭ ላለው ወዳጄ አንድ ነገር ልበል። ፉጂ በ1990 ቬልቪያ የሚባል ፊልም አወጣ። አረንጓዴውና ቀዩ ከእውነቱ በላይ ነበር። የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ የሚሻሙበት። ማጋነኑ ያኔ ፊልሙ ውስጥ ነበር፣ አሁን ጣታችን ላይ መጣ።

የስናን ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ሰማዩን ቢጫ ሳደርገው መስመር መስመር ይሠራል፤ እንደ ድሮው ለስላሳ አይሆንም። እሱም ከማተሚያው ነው?

የፎቶ ቤት ሰው

እሱስ ከፋይሉ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ሰማይ ሰፊ ነው፣ ለውጡ ደግሞ በጣም ቀስ ያለ። በኃይል ስትጎትተው ደረጃዎቹ ይራራቁና መስመር ሆነው ይታያሉ። ስልክህ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይነካካ የሚያስቀምጥ ፋይል) ማንሣት ከቻለ ለሚቀጥለው በእሱ አንሣ፤ ባለ 12 ቢት ሮው 4096 ደረጃ አለው። የላይትሩምም ካሜራ በብዙ ስልክ ላይ በሮው ያነሣል። ላለፈው ፎቶ ደግሞ ሰማዩ ላይ ትንሽ ግሬይን (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ጨምርበት። መስመሩን ይሰብረዋል፣ ወረቀት ላይም አያስታውቅም።

የጣና ዳር

ወደ ፎቶ ቤት በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከው። በፎቶ ከላክኸው ያሳንሰዋል፣ ያ የሰማይ መስመርም ይብስበታል። አጎትህ የተመለሱበትን ለጥፍልን፣ እኛም እንይ።

የስናን ልጅ

እሺ። ቅዳሜ 10 በ15ቱን አሳትሜ ያወጣኝን እነግራችኋለሁ። አደይዋን መልሻታለሁ።